«ተገለጸ»ን ማን ገለጸው?

የዜና አጻጻፍን የተማርኩት ጣሪያ ተደርምሶብኝ ነው። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ መምህራችን አንድ ገጽ ሙሉ የተዘበራረቀ መረጃ አደሉንና «ከዚህ ውስጥ ዜና አውጡ» አሉን። በአንድ ወረዳ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ ሊቀመንበሩ ንግግር ያደርጋሉ፤ የዓመቱ ሪፖርት ይነበባል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ከሻይ በኋላ የአዳራሹ ጣሪያ ተደርምሶ ሦስት ሰዎች ይጎዳሉ። እኔ እንደ ታማኝ ቃለ ጉባኤ ያዥ ከሊቀመንበሩ ንግግር ጀምሬ፣ ሪፖርቱን ዘርዝሬ፣ ሻዩን አጠጥቼ፣ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ጣሪያውን ጣልኩት። ወረቀቴ ሲመለስልኝ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከግርጌው እንዲህ ተጽፎበት ነበር፦ «ጣሪያው እስኪወድቅ አንባቢህን እንቅልፍ ወስዶታል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! ከዚያ ቀን በኋላ ግን የተገለበጠው ፒራሚድ የሚባለው ነገር በደንብ ገባኝ። ትልቁ ነገር ከላይ፣ ትንሹ ከታች። በመጀመሪያው አንቀጽ፣ «ሊድ» እያልን በምንጠራው ውስጥ፣ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉት ስድስት ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ። አንባቢው ከዚያ በኋላ ጋዜጣውን አጥፎ ቢሄድም ዋናው ነገር አያመልጠውም። ይህንን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አጠናሁት። ፈተናው ላይም «ኤ» አገኘሁ።

በቀጣዩ ሴሚስተር ይህንኑ «ኤ» ይዤ ሰው በደልኩ።

በግቢያችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበረን። ጋዜጣ ስላችሁ እንዳትስቁ፤ አራት ወይም አምስት ወረቀት በካፌው አጠገብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በቃ። አንድ ማክሰኞ ማታ የዶርም ጓደኛዬ ሆዱን ይዞ ገባ። «ክሊኒኩ በተማሪ ተጨናንቋል፤ ስልሳ ሰው አያንስም፤ የምሳው ሽሮ ነው የፈጀን» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ዜናው ተለጠፈ፦ «ትናንት በግቢው ካፌ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ሽሮ የተመገቡ ከ60 በላይ ተማሪዎች መታመማቸው ተገለጸ።»

እስቲ ቁጠሩት። ማን አለ፤ ምን አለ፤ መቼም የትም አለ፤ ለምን የሚለውም ሳይቀር ተመልሷል። ፒራሚዱ ልክ እንደ ትምህርቱ ተገልብጧል። ተማሪው እየተጋፋ አነበበው። እኔም ራቅ ብዬ ቆሜ በኩራት አየሁት።

በክሊኒኩ መዝገብ ላይ የነበሩት ግን 11 ተማሪዎች ነበሩ። ከእነሱም አራቱ ያን ቀን ካፌ አልበሉም። ሰዉን ያሳመመው ሽሮው ሳይሆን የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ እንደነበር የታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት የወጥ ቤት ሠራተኞች ከሥራ ታግደው ቆዩ። ከሁለቱ አንዷ በር ላይ አግኝተው የጠየቁኝን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ያ ጥያቄ ወደ ወሰደኝ ታሪክ እንሂድ። ያን ሁሉ ሕግ ጠብቄ ውሸት መጻፍ ከቻልኩ፣ ሕጎቹ የወጡት ለምን ነበር? ማንስ አወጣቸው?

ከንስሐ አባት ፊት

ስድስቱ ጥያቄዎች በዜና ክፍል የተወለዱ ይመስለን ይሆናል። አይደሉም። ከጋዜጣ በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሄርማጎራስ የሚባል ግሪካዊ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ በፍርድ አደባባይ የሚከራከሩ ሰዎች ነበሩና አንድን ጉዳይ ከየአቅጣጫው የሚፈትሹበት የጥያቄ ዝርዝር ሰጣቸው። በኋላ በላቲን ሲገለበጥ ዝርዝሩ ሰባት ሆኖ ይገኛል፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ በምን ረዳትነት፣ ለምን፣ እንዴት፣ መቼ።

እነዚህ ጥያቄዎች ከፍርድ አደባባይ ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ በምዕራቡ ዓለም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ወሰነ። ታዲያ በየገጠሩ ያለው ቄስ ምን ብሎ ይጠይቅ? በየቦታው የንስሐ መመሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ እነዚያው የድሮ ጥያቄዎችም ተካተቱባቸው። ሰረቅሁ ያለን ሰው «ምን ሰረቅህ? ከማን? የት? ማን ረዳህ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ የንስሐ አባት ሥራ ሆነ። የሰረቀው ከቤተ መቅደስ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ርቦት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ልብ በሉ፦ በፍርድ አደባባይም ሆነ በንስሐ ጥያቄዎቹ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሚቀርቡ ነበሩ። የሚጠየቅ አለ፤ የሚመልስ አለ፤ ለመልሱም ኃላፊነት የሚወስድ አለ። በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በዛፍ ሥር ሲሟገቱ «ተጠየቅ፣ ልጠየቅ» ይባባሉ ነበር። አንዱ ይጠይቃል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ራሱ ይጠየቃል። እኔ የጻፍኩት የሽሮ ዜና ስድስት መልስ ነበረው እንጂ የተጠየቀ ሰው አልነበረውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሽቦው ውድ ነበር

ፒራሚዱስ? ይህኛው የቴሌግራም ልጅ ነው ይባላል።

ሳሙኤል ሞርስ ከዋሺንግተን ወደ ባልቲሞር የመጀመሪያውን ይፋዊ የቴሌግራፍ መልእክት የላከው ግንቦት 24 ቀን 1844 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ጋዜጦች ወጪ ለመጋራት ተባብረው ዛሬ አሶሼትድ ፕሬስ የምንለውን ድርጅት መሠረቱ። ያኔ ዜና በቃል ቁጥር ይከፈልበት ነበር። በ1866 አትላንቲክን የሚያቋርጠው የባሕር ውስጥ ሽቦ ሥራ ሲጀምር ለአንድ አጭር መልእክት 100 ዶላር ገደማ ይጠየቅ ነበር። ሽቦው ውድ ብቻ ሳይሆን የማይታመንም ነበር፤ በጦርነት መካከል ይቆረጣል፤ ወታደር ይይዘዋል። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድመህ ላክ፤ ቢቆረጥም ቁም ነገሩ ደርሷል። በክፍል ውስጥ የሚነገረን ታሪክ ይህ ነው፤ ደስ ይላል፤ ለማስታወስም ይመቻል።

ችግሩ ግን የዘመኑ ጋዜጦች ሲገለጡ ታሪኩ እንዲህ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ቴሌግራፍ ከመጣ ከአሥርታት በኋላ እንኳ ብዙዎቹ ዜናዎች እንደ እኔ የወረዳ ስብሰባ ከመነሻው ጀምረው በጊዜ ቅደም ተከተል ይጓዙ ነበር። ፒራሚዱ የተለመደ ሥርዓት የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ኤድዊን ሹማን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ1894 ባሳተመው የሙያ መማሪያ መጽሐፍ ላይ የዜናውን ፍሬ ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲያስቀምጡ ለጀማሪዎች ሲመክር እናገኘዋለን።

ከዚያ በፊት ከታዩት ቀደምት ናሙናዎች አንዱ ደግሞ እጅግ የሚገርም ባለቤት አለው። ሚያዝያ 14 ቀን 1865 (እ.ኤ.አ.) ማታ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በፎርድ ቲያትር ቤት ተተኮሰባቸው። የአሶሼትድ ፕሬሱ ሎረንስ ጎብራይት ወዲያው ያስተላለፈው አጭር መልእክት ፕሬዚዳንቱ በቲያትር ቤት መመታታቸውንና ቁስሉ ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል የሚናገር ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ከሁሉ በላይ የጻፈው ጋዜጠኛ አልነበረም። የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ነበር። ስታንተን ሊንከን ከተኙበት ቤት ሆኖ ወደ ኒውዮርክ የላካቸው ቴሌግራሞች በማግስቱ በጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጡ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ተጠቂው፣ ድርጊቱ ሁሉም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ስሜት የለም፤ ጌጥ የለም። ዴቪድ ሚንዲች የተባለ የጋዜጠኝነት ታሪክ ተመራማሪ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ከፒራሚዱ ቀደምት ጸሐፊዎች መካከል የሚቆጥረው ይህንኑ ስታንተንን ነው።

ስታንተን ማን ነበር? ከ1862 ጀምሮ የቴሌግራፍ መስመሮችን በቁጥጥሩ ሥር ያደረገው፣ የጦር ሜዳ ዜናን የሚያጣራው፣ ሲያሻው ጋዜጠኛ የሚያስረው ሰው። ማለትም ዋናው ሳንሱር አድራጊ። ያንን ቀዝቃዛና ሥልጣን ያለው አጻጻፍ የምናደንቀው እኛ ጋዜጠኞች ነን፤ በዚያች ሌሊት የተጠቀመበት ግን ሕዝቡ የመንግሥትን ድምፅ ብቻ እንዲሰማ የሚፈልግ ባለሥልጣን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ስታንተን የጥቃቱን ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብሎ ጻፈ። ጥይቱ የተተኮሰው ግን ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። ቅርጹ እንከን የለውም፤ «መቼ» ግን ተሳስቷል። ይህን ሳነብ የሽሮው ዜናዬ ትዝ አለኝና ትንሽ ተጽናናሁ፤ ወዲያውም አፈርኩ። ስታንተን ቢያንስ ፕሬዚዳንት እየሞቱበት ነበር።

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 1927

የቴሌግራም ነገር ከተነሣ የእኛዋን ከተማ ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የጣሊያን ወረራ መቅረቡ ሲታወቅ የዓለም ጋዜጠኞች አዲስ አበባን አጥለቀለቋት። ጦርነቱ ገና አልተጀመረም፤ አዘጋጆቻቸው ግን በየቀኑ ዜና ይፈልጋሉ። ሆቴል ተቀምጠው ወሬ እየተቀባበሉ፣ በቃል ቁጥር እየከፈሉ፣ ቃላትን እየጨፈለቁ ቴሌግራም ይልኩ ጀመር።

ከእነሱ አንዱ በኋላ በልብ ወለድ ጸሐፊነቱ ይበልጥ የታወቀው የ«ዴይሊ ሜይሉ» ኤቭሊን ዎ ነበር። ዎ አንድ ቀን ያገኘውን ወሬ ሌሎች እንዳያነቡበት በላቲን ጽፎ ወደ ለንደን ላከው። ለንደን ያሉት አዘጋጆች ትርጉም የሌለው ቀልድ መሰላቸውና ዜናው ባክኖ ቀረ። በነሐሴ ወር ደግሞ ዎ ዜና ፍለጋ ወደ ጅጅጋ በሄደበት፣ ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ሰፊ የነዳጅና የማዕድን ፍለጋ ውል ተፈራረመ። ዜናውን የ«ዴይሊ ቴሌግራፉ» ሰር ፐርሲቫል ፊሊፕስና የአሶሼትድ ፕሬስ ባልደረባው ቀደሙ። ዎ በዚህ ሁሉ ብሽቀቱን ቋጥሮ በ1938 (እ.ኤ.አ.) በጋዜጠኞች ላይ የሚያላግጠውን «ስኩፕ» የተባለ ልብ ወለዱን አወጣ።

በዚያው ጊዜ በከተማዋ የነበረ ሌላ ወጣት ግን የተለየ ትምህርት ይዞ ወጣ። ጆርጅ ስቲር የለንደኑ «ታይምስ» ዘጋቢ ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ በግንቦት ወር 1936 (እ.ኤ.አ.) ከአገር አስወጡት። ዓመት ሳይሞላው ስፔን ገብቶ የእርስ በርስ ጦርነቱን ይዘግብ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 1937 (እ.ኤ.አ.)፣ በገበያ ቀን፣ ጌርኒካ የተባለችው የባስክ ከተማ ከአየር ተደበደበች። ስቲር በዚያችው ሌሊት ከቢልባኦ ተነሥቶ ከተማዋ እየነደደች ደረሰ። ከሞት የተረፉትን አነጋገረ። ድብደባው ሦስት ሰዓት ከሩብ መፍጀቱን መዘገበ። የአውሮፕላኖቹን ዓይነት ለየ። የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የቦምብ ቀፎዎች አየ። ዘገባው ከሁለት ቀን በኋላ በ«ታይምስ»ና በ«ኒውዮርክ ታይምስ» ወጣ። የፍራንኮ ወገን «ከተማዋን ያቃጠሏት ራሳቸው ባስኮች ናቸው» እያለ ሲያስተባብል የስቲር ዘገባ አልተነቃነቀም። ያልተነቃነቀው አጻጻፉ ስላማረ አይደለም። «ማን ነገረህ?» ቢባል መልስ ስለነበረው ነው።

ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ቴሌግራፍ ቤት በኩል ይልኩ ነበር። ዎ የዜናን ፉክክር ተማረ። ስቲር ምስክር መሆንን ተማረ።

«ተ» የምትባል ፊደል

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። የተገለበጠው ፒራሚድ አማርኛ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ይገጥመዋል። በእንግሊዝኛ ግሡ ከባለቤቱ አጠገብ ይቆማል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቃል ሰውዬው መመታቱን አውቀሃል። በአማርኛ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። ሰዓቱንም ቦታውንም ምክንያቱንም አንድ ላይ ካጨቅህ አንባቢው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ትንፋሹ ካለቀ በኋላ ነው። ከመጽሐፍ የቀዳነውን ሕግ ሳናላምደው ስንጠቀም ዋናውን ነገር ላይ አወጣነው ብለን ታች እንቀብረዋለን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አጭር ዓረፍተ ነገር። «ጣሪያው ተደረመሰ። ሦስት ሰዎች ተጎዱ።» የቀረው በኋላ ይደርሳል።

ከግሡ የባሰው ግን «ማን» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ጋዜጣ ላይ የደረሰበት ነው። ታሪካችን አጭር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን አማካይነት ተጀመረ። «አዲስ ዘመን» ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በወሩ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ። አብዛኞቹ ቀደምት ጋዜጦቻችን ከቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው የተወለዱት። ስለዚህ በሊዱ ላይ «ማን» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የተመለሰ ነበር። በንጉሡ ዘመን «ግርማዊ» ብሎ ይጀምራል፤ በደርግ ዘመን «ጓድ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላም «ክቡር» አላጣንም። ማዕረጉ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ «ምን» የሚለው ወረፋ ይጠብቃል። ጣሪያው ቢወድቅ እንኳ ሊቀመንበሩ ይቅደሙ ነው ነገሩ። መምህራችን በቀይ የሰረዙብኝ ስህተት ለካ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ሳነብ ያደግሁት ነው።

ባለሥልጣኑ ሲናገር እንዲህ ማዕረጉ ሳይቀር የሚጻፈው «ማን»፣ ነገሩ አስቸጋሪ ሲሆን ደግሞ ድንገት ይሰወራል። የሚሰውረውም አንድ ፊደል ነው። «ገለጹ» ብትል ገላጭ ያስፈልግሃል፤ ስም አምጣ ትባላለህ። ፊት ለፊቱ «ተ»ን ብትጨምር ግን «ተገለጸ» ይሆናል፤ ሰውዬው ተነነ። ተባለ፣ ተነገረ፣ ተጠቆመ፣ ተመለከተ፣ ታወቀ... ማን አለ? ማን ነገረ? ማን ጠቆመ? «ተ» ሁሉንም ዋጠቻቸው።

መቼም ፍትሐዊ እንሁን። ይህች ፊደል የስንፍና ብቻ አይደለችም፤ የፍርሃትም ናት። የተናገረው ሰው ስሙ ቢጻፍ ሥራውን ወይም ነጻነቱን የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ እንጉዳይ ሲፈሉ «ውስጥ አዋቂ ምንጮች» የሚሉት ቃላት የገጽ ማሟያ እስኪመስሉ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውን ለመጠበቅ ስሙን መደበቅ ሙያው የሚያውቀው ነገር ነው። ግን ያኔም ጸሐፊው ራሱ ሰውዬውን ያውቀዋል፤ ነገሩንም ከሌላ ወገን አጣርቷል። እኔ ስለ ሽሮው «ተገለጸ» ስል የምደብቀው ሰው አልነበረኝም። የምደብቀው አለማወቄን ነበር።

ተማሪ ሲጽፍ

«ተማሪ ነህ፤ ተማሪ ይሳሳታል» ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። የሙያው ታሪክ ግን በዚህ አያጽናናም። በዓለም የመጀመሪያው ነው የሚባለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መስከረም 14 ቀን 1908 (እ.ኤ.አ.) በሩን ሲከፍት፣ ተማሪዎቹ በዚያኑ ቀን እውነተኛ ጋዜጣ አትመው አወጡ። የልምምድ ወረቀት አልነበረም፤ የከተማው ሰው የሚያነበው ጋዜጣ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ የምትጽፈው ስለ እውነተኛ ሰው ከሆነ ስህተትህም እውነተኛ ነው።

እኛ አገር ጋዜጠኝነት በዲፕሎማና በዲግሪ መሰጠት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሙን የከፈተው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የተማሪ ጋዜጣ ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዕድሜ ነበረው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ጋዜጣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»፣ ዜናና አስተያየት፣ ይባል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው «ስትራግል»፣ ትግል። ስሞቹ ራሳቸው ታሪኩን ይናገራሉ፤ ዜናው ከአስተያየቱ ጋር ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ ትግሉ ብቻ ቀረ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ጽሑፍ የታተመው በዚሁ «ስትራግል» ላይ ነው። ወር ብዙም ሳያልፍ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ በግቢው ውስጥ ተጨማሪ ተማሪዎች በጥይት ወደቁ። ያ ትውልድ ለጻፈው በደም ከፍሏል፤ ማንም ይህን አይክደውም። ግን በዋናነት የጻፈው ክርክር ነበር። ዜና፣ ማለትም ሄዶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ መመለስ፣ ከክርክሩ ጎን ጠባብ ቦታ ነበረው።

ለዚህ ነው በ1965 ዓ.ም. የሆነው ነገር ይበልጥ የሚመስጠኝ። ወሎ በረሃብ እያለቀ፣ የመንግሥት ጋዜጦች የሚገባውን ሳይናገሩ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ራሳቸው ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ። ፎቶዎቹ በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። የ«አይቲቪ»ው ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልሙን ለእንግሊዝ ተመልካቾች ያቀረበው ከወራት በኋላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ያ በግቢ ውስጥ የተሰቀለ ፎቶ ሊድ አልነበረውም፤ ፒራሚድም አልነበረውም። «ሄደን አየን» የሚል ሰው ግን ነበረው።

ፊልሙም በበኩሉ አንድ ነገር አስተምሮናል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዋዜማ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣዎች ምስል ጋር አቀናጅቶ በቴሌቪዥን አሳየው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። የትኛው ከየትኛው ጎን ይቀመጥ የሚለውን የወሰነው ግን ሥልጣን የሚፈልግ ወገን ነበር። ስታንተን ቢያይ ይገባው ነበር።

ማን ነገረህ?

ከታገዱት የወጥ ቤት ሠራተኞች አንዷን ያገኘኋቸው በግቢው በር ላይ ነው። ስለ እገዳቸው ለመጠየቅ መጥተው ዘበኛው አላስገባ ብሏቸው ቆመው ነበር። አንድ ተማሪ በጣቱ አመለከታቸው መሰለኝ፤ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኩ።

አልተሳደቡም። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው «ማን ነገረህ?» ብቻ አሉኝ።

ይህችን ጥያቄ በአንድ ሴሚስተር ሙሉ በደብተሬ ላይ አልጻፍኳትም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት፤ ሁሉም ስለ ተከሰተው ነገር ይጠይቃሉ። እሳቸው የጠየቁት ስለ እኔ ነበር። መልሴ «አንድ ጓደኛዬ ሰልፍ ላይ ሰምቶ» የሚል ነበር፤ ጮክ ብዬ ለማለት እንኳ አፈርኩ። ክሊኒኩ ከዶርሜ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። ወጥ ቤቱ ከዚያም ይቀርባል። ሁለቱም ጋ አልሄድኩም። ስሕተቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የተወሳሰበ ምክንያት የለውም።

በማግስቱ ማስተካከያ ጻፍኩ። እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ፊደል ለጠፍኩት። «ባለፈው ሳምንት ያወጣሁት ዜና ስህተት ነው። በክሊኒኩ የተመዘገቡት ተማሪዎች 11 እንደሆኑ ተረኛዋ ነርስ መዝገቡን አሳይተው ነግረውኛል። ሽሮው ምክንያት ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።» አንድም ሰው ተጋፍቶ አላነበበውም። ሴትዮዋ ሥራቸው ላይ የተመለሱት የሮቶው ነገር ሲታወቅ እንጂ በእኔ ማስተካከያ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ዜና ጽፌ ስጨርስ መልሼ እያነበብኩ «ተ»ዎቹን እፈልጋለሁ። እያንዳንዷ «ተገለጸ» ላይ ደርሼ የእኚያን እናት ጥያቄ እጠይቃታለሁ። ስም ካለኝ «ተ»ን አውጥቼ ሰውዬውን እመልሳለሁ። ስሙን መደበቅ ካለብኝ ለምን እንደደበቅሁ ለራሴ እነግረዋለሁ። ሁለቱም ከሌለኝ ዓረፍተ ነገሩን እሰርዛለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ።

እናንተ ደግሞ ነገ ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ «ተገለጸ» የሚል ዜና ማየታችሁ አይቀርም። ከመጋራታችሁ በፊት ጠይቁት።